የጆሮ መለኪያና የኅሊና ሚዛን

በአማርኛችን «አይሰማም» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው፣ ድምፅ ወደ ጆሮው አይደርስም ማለት ነው፤ ሁለተኛው፣ ምክር አይቀበልም፣ አይታዘዝም ማለት ነው። እናት ስለ ልጇ፣ አስተማሪ ስለ ተማሪው፣ አሠሪ ስለ ሠራተኛው «እሱ እኮ አይሰማም» ብሎ በሚናገርበት ጊዜ ከሁለቱ ፍች የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ራሱም መርምሮ አያውቀውም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። የፊተኛው ችግረኛ ነውና ሊረዱት ይገባል፤ የኋለኛው አጥፊ ነውና ሊገሥጹት ይገባል። ሊረዱት የሚገባውን ሰው መገሠጽ ግን ግፍ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ስላላለ ብቻ ሰነፍና ትዕቢተኛ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ምንም እንኳ በልጅነቱ ስም ሊያወጣለት ባይችል፣ ይህን ግፍ ያውቀዋል።

እኔ የመስማት ምርመራን ውጤት ማንበብ ሥራዬ የሆነ ሰው ነኝ። በየቀኑ በእጄ የሚገባው አንድ ገጽ ወረቀት የዚህን ቃል ሁለት ፍች ለመለየት የተሠራ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ትንሽ ቢሆንም ሥራው የዳኛ ሥራ ነው፤ በእርሱ ምክንያት አንዱ ልጅ ከቅጣት ይድናል፤ አንዱ ሠራተኛ ካሣ ያገኛል ወይም ይከለከላል፤ አንዲት እናት ተጽናንታ ወይም አልቅሳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚህ ሥራ ውስጥ ስኖር ዘወትር በአሳቤ የሚመላለስ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ሰውን የምንለካበት መለኪያ በሰውየው ላይ ምን ያህል የመፍረድ ሥልጣን ይሰጠናል? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የሐኪም ቤት ጥያቄ ብቻ አይደለም። እናንተም ወጣቶች ነገ አስተማሪ፣ ዳኛ፣ አለቃ፣ ወላጅ ስትሆኑ በቁጥር የተጻፈ የሰው ነገር በእጃችሁ ይገባል። ስለዚህ ነገሩን በማውቀው ሥራ በኩል ላስረዳችሁ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ተመርማሪው የውጭ ጫጫታ በማይገባበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በጆሮዎቹም ላይ ማዳመጫ ይደረግለታል። ኦዲዮሜትር ከሚባለው መሣሪያ ንጹሕ ድምፅ አንድ በአንድ ይላክለታል፤ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሣል ወይም ቁልፍ ይጫናል። ድምፁ አንድ ጊዜ ወፍራም፣ አንድ ጊዜ እንደ ፉጨት ቀጭን ይሆናል። ይህ ውፍረትና ቅጥነት ኸርዝ በሚባል መስፈሪያ ይቆጠራል፤ ብዙ ጊዜም ከ250 ተነሥቶ እስከ 8000 ኸርዝ ይደርሳል። የድምፁ ኃይል ደግሞ ዴሲቤል በሚባል መስፈሪያ ይለካል። መርማሪው ተመርማሪው በሰማ ቁጥር ድምፁን በ10 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ አልሰማም ባለ ጊዜ በ5 ዴሲቤል ይጨምራል። እንዲህ እየወረደና እየወጣ ሰውየው ሊሰማው የሚችለውን ትንሹን ድምፅ ያገኛል። እኔ ይህን ቦታ የመስማት ደፍ እለዋለሁ፤ ድምፅ ወደ ሰው የሚገባበት ደጃፍ ነውና። የቀኝ ጆሮ ደፍ በቀይ ክብ፣ የግራው ጆሮ ደፍ በሰማያዊ የመስቀለኛ ምልክት ይጻፋል፤ ምልክቶቹም በመስመር ሲያያዙ ኦዲዮግራም የተባለው ሥዕል ይወጣል። መስመሩ ወደ ታች በወረደ መጠን የመስማት ችግሩ የከፋ ነው።

እንግዲህ ይህን ወረቀት የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ሊማረው የሚገባው ነገር ትሕትና ነው። በወረቀቱ ላይ ዜሮ ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ድምፅ የለም ማለት አይደለም። ዜሮ ማለት ጆሮአቸው ጤናማ የሆነ ወጣቶች ተለክተው፣ በአማካይ መስማት የጀመሩበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች፣ በ−10 ዴሲቤል እንኳ የሚሰሙ ሰዎች አሉ። መለኪያው ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰዎች ከሰዎች ወስደው የተስማሙበት ነው። ደግሞም ደፍ ነው ብለን የምንጽፈው ቁጥር ሰውየው ያንን ድምፅ ሁልጊዜ ይሰማዋል ማለት አይደለም፤ ከተላከለት ጊዜ ቢያንስ እኩሌታውን ሰምቶታል ማለት ነው። ዛሬ 30 የተጻፈለት ሰው ነገ ቢለካ 25 ወይም 35 ሊሆን ይችላል፤ ጆሮውም አልተሻለውም፣ አልባሰበትም። የ5 ዴሲቤል ልዩነት አይቶ «ድነሃል» ወይም «ብሶብሃል» የሚል መርማሪ ወረቀቱ ያላለውን ቃል በወረቀቱ አፍ ውስጥ ያስገባል።

ብዙ ሰዎች ውጤታቸውን ሲቀበሉ «ስንት ከመቶ ነው የምሰማው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከትምህርት ቤት ፈተና የተወረሰ ነው። ነገር ግን ዴሲቤል የመቶኛ መስፈሪያ አይደለም። በዚህ መስፈሪያ 10 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ 60 ዴሲቤል ከዜሮ 60 ጊዜ ሳይሆን 1,000,000 ጊዜ የሚበልጥ ኃይል ነው። ደፉ 40 ዴሲቤል የሆነን ሰው «መስማትህ 40 ከመቶ ጠፍቷል» ማለት ለጆሮ ደስ የሚል፣ ለመያዝም የሚቀል አነጋገር ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ሰው የሚወደውን አጭር መልስ ለመስጠት ሲባል እውነትን ማጣመም በትንሹ የሚጀምር በደል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ምስክሮች አጠያየቅ ነው። የአንዱ ጆሮ ጉዳት የከፋ በሆነ ጊዜ፣ ለእርሱ የተላከው ኃይለኛ ድምፅ በራስ ቅል አጥንት አልፎ ወደ ደኅናው ጆሮ ይሻገራል። ሰውየው እጁን ያነሣል፤ የሰማው ግን የታመመው ጆሮ ሳይሆን ጤነኛው ነው። መርማሪው ይህን ካላስተዋለ ፈጽሞ የማይሰማውን ጆሮ «ጥቂት ይሰማል» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ደኅናውን ጆሮ እንደ ነፋስ በሚነፍስ ጫጫታ ያዝ አድርገን የታመመውን ለብቻው እንጠይቀዋለን። በሶስና ታሪክ ወጣቱ ዳንኤል ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ ጠይቆ ሐሰታቸውን እንደ ገለጠ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ግን ልዩነት አለ፤ ደኅናው ጆሮ ስለ ታመመው የሚመሰክረው ሊያሳስት ፈልጎ አይደለም፤ እንደ ወንድም የወንድሙን ጉድለት እየሸፈነ ነው። በሰው መካከልም እንዲሁ ነው። ወዳጅ ለወዳጁ፣ እናት ለልጇ የሚሰጡት ምስክርነት በክፋት የተሞላ ባይሆንም እውነቱን ሊሸፍን ይችላል። ለየብቻ መጠየቅ ማንንም መስደብ አይደለም።

ከዚህም ሌላ ድምፅ በሁለት መንገድ ይላካል። አንደኛው በጆሮ ቀዳዳ በኩል በአየር የሚሄደው ነው፤ ሁለተኛው ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ በሚደረግ አንቀጥቃጭ መሣሪያ በቀጥታ ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚደርሰው ነው። እነዚህን ሁለት መንገዶች ማነጻጸር የቆየ ጥበብ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ሪኔ በ1855 በሚንቀጠቀጥ ሹካ መሰል ብረት ያደርገው ነበር። በአጥንት በኩል ደኅና የሚሰማ፣ በአየር በኩል ግን የማይሰማ ሰው ከሆነ ጉዳቱ ያለው ከመንገዱ ላይ ነው፤ ኩክ ዘግቶት፣ ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ተጠራቅሞ፣ ወይም ታምቡሩ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ በሕክምና ይረዳል። በሁለቱም መንገድ እኩል የማይሰማ ከሆነ ግን ጉዳቱ በውስጠኛው ጆሮ ወይም በነርቩ ላይ ነው፤ ይህንንም መድኃኒት ብዙ ጊዜ አይመልሰውም። ሁለቱ ሰዎች በገበያ መካከል ቢገናኙ አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ፤ ሁለቱም «ምን አልክ?» ይላሉ። የአንዱ ችግር ግን በአንድ ቀን ሊወገድ ይችላል፤ የሁለተኛው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ወሰንና ስለ አማካይ ነው፤ እዚህም ላይ የሰው እንጀራ ስላለበት ነገሩን በጥንቃቄ እንየው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ብዙ ዓመት የሠራ አንድ ሰው አለ እንበል። ሁለቱም ጆሮዎቹ ተለክተው በ500 ኸርዝ 10፣ በ1000 ኸርዝ 10፣ በ2000 ኸርዝ 15፣ በ4000 ኸርዝ 50 ዴሲቤል ተገኘ። በ4000 ኸርዝ አጠገብ እንዲህ ያለ ጉድጓድ መታየቱ የብዙ ዘመን ጫጫታ ያቆሰለው ጆሮ የታወቀ ምልክት ነው። አራቱ ቁጥሮች ተደምረው ለ4 ቢካፈሉ አማካዩ 21 ከሩብ ይሆናል። በዓለም ጤና ድርጅት በቀድሞው ደረጃ እስከ 25 ዴሲቤል ያለው ሰው ጉድለት የለበትም ይባል ነበር። በ2021 ድርጅቱ ባወጣው የዓለም የመስማት ሪፖርት ግን ወሰኑ ወደ 20 ዝቅ ስላለ፣ ከ20 ጀምሮ ያለው ቀላል የመስማት ጉድለት ተባለ። እንግዲህ ይህ ሰው በቀድሞው ደረጃ ጤነኛ፣ በአዲሱ ደረጃ ጉዳተኛ ነው። ጆሮው ግን አንድ ነው፤ የተለወጠው የሰዎች ስምምነት ነው።

ይህን ስል ወሰን አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ወሰን ከሌለ ማን እንደሚረዳ፣ ማን እንደሚታከም መወሰን አይቻልም። ነገር ግን ወሰን ለሥራ የተበጀ አጥር እንጂ የተፈጥሮ ገደል አይደለም። አማካይም እንዲሁ ነው። በአንድ ቤት ከሚኖሩ አራት ወንድማማቾች ሦስቱ ጠግበው አንዱ ጦሙን ቢያድር፣ ቤቱ በአማካይ እራቱን በልቷል ሊባል ይቻላል፤ የተራበው ልጅ ግን በአማካዩ አይጠግብም። የዚያ ሠራተኛ ጆሮም በ4000 ኸርዝ ላይ ተርቧል። የሚያነብለት ሰው አማካዩን ብቻ አይቶ «ደኅና ነህ» ብሎ ቢመልሰው፣ ሰውየው ያለ ጆሮ መከላከያ ወደዚያው መኪና አጠገብ ተመልሶ የቀረውንም ያጠፋል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ያነበበው ሰው ግን ሥራውን በእኩሌታ ተወ።

አራተኛው ትምህርት፣ ወረቀቱ ስለማይናገረው ነገር ነው። በንግግራችን ውስጥ «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ»ን የመሳሰሉት ድምፆች ቀጭንና ደካሞች ናቸው። ቀጭን ድምፅ የማይሰማ ሰው «ሰፋ»፣ «ከፋ»፣ «ጠፋ» የሚሉትን ቃላት መለየት ያስቸግረዋል፤ የሦስቱ ልዩነት በመጀመሪያው ፊደል ላይ ብቻ ነውና። ስለዚህ «ድምፁን እሰማለሁ፤ ነገሩ ግን አይገባኝም» ይላል። ዘመዶቹም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሳይፈልግ አይሰማም» እያሉ ያሙታል። ደግሞ ምርመራው የሚደረገው ጸጥ ባለ ክፍል ነው፤ ኑሮ ግን በጸጥታ ክፍል ውስጥ አይደለም። በሠርግ ዳስ፣ በገበያ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ንግግር መለየት ሌላ ችሎታ ነው። ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ ውስጠኛው ጆሮ ድምፁን ተቀብሎ ነርቩ አስተካክሎ የማያደርስበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ኦዲዮግራም አንዳንድ ጊዜ ለጤነኛ የቀረበ ሆኖ ሳለ ንግግር መረዳት ግን እጅግ ይቸግራቸዋል።

ስለዚህ ከንጹሕ ድምፅ ሌላ በቃላት የሚደረግ ምርመራ አለ፤ ተመርማሪው የሰማውን ቃል መልሶ ይናገራል። ይህም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከልጆቻቸው ጋር በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ከአማርኛ በቀር የማያውቁ አንዲት እናት በእንግሊዝኛ ቃላት ቢፈተኑና ቢሳሳቱ፣ የተለካው ጆሮአቸው ነው ወይስ እንግሊዝኛቸው? መልሱ ግልጽ ነው። መለኪያ ሁሉ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ጥያቄው የተሳሳተ ከሆነ መልሱ ምንም ቢያምር አይጠቅምም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ቁጥር ጉቦ አይበላም፤ ዘመድ አያውቅም፤ ለሀብታምና ለድኃ አያዳላም። እናንተ ቁጥሩ ይህን አይልም፣ ያንን አይልም እያላችሁ ብትጀምሩ፣ ነገ እያንዳንዱ አንባቢ እንደ ወደደው ይፈርዳል፤ ዝምድናም በበሩ ይገባል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ አቃልዬ አላልፈውም። ሰነፍ ሲባል የኖረውን ልጅ ከስድብ ያወጣው ቁጥር ነው፤ የአስተማሪው ግምት፣ የጎረቤት ወሬ አላወጣውም። የሰው ቃል ብቻውን አይበቃም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላልና፣ ብዙ ሰው መስማቱ እየደከመ መሄዱን ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ሚስቱና ልጆቹ ዓመታት ቀድመውት ያውቃሉ። እሱ ግን «ሰዎች ዛሬ ዛሬ ያጉተመትማሉ» ይላል።

ለተቃውሞው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የመለኪያን ወሰን ማወቅና መለኪያን መናቅ አንድ አይደሉም። መለኪያን የሚንቅ ሰው ውጤቱ ሳይጥመው ሲቀር ይጥለዋል፤ ሲጥመው ይይዘዋል። ወሰኑን የሚያውቅ ሰው ግን ውጤቱ ቢጥመውም ባይጥመውም እኩል ይመረምረዋል። ቁጥሩና የሰውየው ኑሮ ባልተስማሙ ጊዜ ቁጥሩን አይሰርዝም፤ ሰውየውንም ውሸታም አይለውም። ማዳመጫው በትክክል ተቀምጦ ነበርን? ተመርማሪው የተባለውን ተረድቶታልን? ጆሮው በኩክ ተዘግቶ ይሆንን? እያለ ደግሞ ይለካል፤ በሌላም መንገድ ይለካል። ዝምድና የሚገባው ይህን ጥንቃቄ ለአንዱ አድርገን ለሌላው ስንተው ነው።

በእርግጥ አውቀው የሚዋሹ ሰዎችም አሉ። አንዱ ካሣ ፈልጎ፣ አንዱ ከሥራ ለመቅረት «በዚህ ጆሮዬ አልሰማም» ይላል። ለዚህም ብልሃት አለ። አንድ ዓይነት ድምፅ በሁለቱ ጆሮዎች በአንድ ጊዜ ሲላክ ሰው የሚሰማው ብርቱውን ብቻ ነው። ስለዚህ በደኅናው ጆሮ ሊሰማ የሚበቃ ድምፅ፣ አይሰማም በተባለው ጆሮ ደግሞ ከዚያ የበረታ ድምፅ ይላካል። በእውነት በዚያ ጆሮ የማይሰማው ሰው በደኅናው ሰምቶ እጁን ያነሣል፤ የሚያስመስለው ሰው ግን ብርቱውን ድምፅ «በማይሰማው» ጆሮው ብቻ ስለሚሰማ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ያጋልጠዋል። ነገር ግን ውሸቱን ማግኘት ምክንያቱን ማወቅ አይደለም። እንዲህ ያለ ውጤት የሚገኝበት ሕፃን አንዳንድ ጊዜ በቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጭንቅ ደርሶበት፣ በአፉ መናገር ያቃተውን በጆሮው የሚናገር ነው። መርማሪው «ዋሽቷል» ብሎ ቢያባርረው ትክክለኛ ቁጥር ይዞ የተሳሳተ ፍርድ ፈረደ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ከወረቀቱ በላይ ስለ መናገር ነው። ከወረቀቱ በታች መናገርም ሌላ በደል ነው፤ ይህኛው ግን የርኅራኄ ልብስ ስለሚለብስ ለማወቅ ያስቸግራል። የተወለደ ሕፃን እጁን አንሥቶ «ሰማሁ» አይልም፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ሊቅ ኬምፕ በ1978 እንዳስታወቀው ጤናማ ውስጠኛ ጆሮ ራሱ ጥቂት ድምፅ መልሶ ይሰጣል፤ ይህንንም ስስ መሣሪያ ያዳምጠዋል። ስለዚህ የአንድ ሕፃን መስማት ዛሬ በተወለደ በጥቂት ቀን ሊመረመር ይችላል። የሚመከረውም በ1 ወር ውስጥ እንዲመረመር፣ በ3 ወር ውስጥ ጉዳቱ እንዲረጋገጥ፣ በ6 ወር ውስጥ እርዳታ እንዲጀመር ነው። ምክንያቱም ቋንቋ ለሕፃን አእምሮ እንደ ወተት ነው፤ በጊዜው ካልደረሰው በኋላ ቢበዛለትም ያለፈውን አይመልስለትም።

አሁን እናቲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ «ይሻለዋል አይደል?» ብላ ስትጠይቅ አስቡ። በዓይኗ እንባ ሞልቷል። ምርመራው ተደግሞ ውጤቱ ግልጽ ሆኗል። «አይዞሽ፣ ሲያድግ ይሰማል» ብሎ መሸኘት ምን ያህል ቀላል ነው! እናቲቱም መርቃ ትወጣለች። ነገር ግን ያ መልካም ቃል የሕፃኑን ዓመታት ይሰርቃል፤ ከሕፃኑ ተሰርቆ የተሰጠ ስጦታ ነው። የመርማሪው ርኅራኄ እውነተኛ ከሆነ እውነቱን ሳይቀንስ ይናገራል፤ ከተናገረም በኋላ ተነሥቶ አይሄድም። የመስሚያ መሣሪያ ምን እንደሚረዳ፣ የምልክት ቋንቋ የት እንደሚገኝ፣ ነገ ጧት ምን መደረግ እንዳለበት አብሯት ያስባል። እውነትን ያለ ፍቅር መናገር ጭካኔ ነው፤ ፍቅርንም ያለ እውነት መስጠት ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከፋውን የንባብ ስሕተት ላንሣ። ይህም ከጆሮ ተነሥቶ በሰውየው አእምሮና ክብር ላይ መፍረድ ነው። ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር አልነጻም። ለማይሰማ ሰው የነበረንን ቃል ለማያውቅ ሰው ስድብ አደረግነው፤ «ደንቆሮ» ስንል ጆሮውን ይሁን አእምሮውን እንደምንሰድብ አይለይም። ስሕተቱ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በ1880 በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች መስማት የተሳናቸው ልጆች በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወስነው የምልክት ቋንቋን ከብዙ ትምህርት ቤቶች አስወጡ። ዴሲቤል በስሙ የተሰየመለት አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንኳ፣ እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ሆነው ሳለ፣ በንግግር ብቻ የሚሰጠውን ትምህርት አጥብቆ ይደግፍ ነበር። ፍቅር ያልጎደለው ሰው እንዲህ ማሰቡ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ ጆሮን የሰው ሁሉ በር አድርጎ ማየት ደጎችንም ያሳስታልና። በ1960 አሜሪካዊው መምህር ዊልያም ስቶኮ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን በጥናት አሳየ። የሚላኖው ውሳኔም በ2010 በቫንኩቨር በተደረገ የዚሁ ጉባኤ ስብሰባ ተወገዘ። በመካከሉ 130 ዓመት አለፈ። በዚህ ዘመን ሁሉ እጆቻቸውን እንዳያንቀሳቅሱ የተከለከሉ ልጆች ኖረው አለፉ።

ኦዲዮግራሙ 90 ዴሲቤል ቢል፣ ይህ ጆሮ ከ90 በታች ያለውን ድምፅ አይሰማም ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ ምንም አላለም። ይህ ልጅ አይማርም፣ ቤት አይመራም፣ ቁም ነገር አይነገረውም የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። ይህን የሚጨምረው አንባቢው ነው፤ የጨመረውንም የሳይንስ ቃል አስመስሎ ያቀርበዋል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የማውቀው መልስ ይህ ነው። መለኪያ የሚሰጠን የመፍረድ ሥልጣን በለካው ነገር ልክ ብቻ ነው፤ ከዚያ የቀነሰ ፍርሃት ወይም ቸልታ ነው፤ ከዚያ የጨመረ ትዕቢት ነው። እናንተም ወጣቶች፣ የፈተና ውጤት፣ የሥራ ምስክር ወረቀት፣ የሕመም ማስረጃ በእጃችሁ በገባ ጊዜ አስቀድማችሁ፣ ይህ ቁጥር ምን ተጠይቆ የመለሰ ነው? በሉ። ቀጥሎ፣ ምን አልተጠየቀም? በሉ። ከዚያ በኋላ የተጻፈለትን ሰው አስቀምጣችሁ ራሱን ጠይቁት። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ አይሰማም ብለው ቢነግሯችሁ ዱላ ከማንሣታችሁ በፊት ፊት ለፊቱ ቆማችሁ፣ ከንፈራችሁን እያሳያችሁ፣ ስሙን ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ ቀና ብሎ «አቤት» ካለ፣ ወላጆቹን አስጠርታችሁ ጆሮው ይመርመር በሉ።